በከረጢት ወይስ በሦስት ድስት? ቤት ውስጥ ከብቅል ጀምሮ ቢራ ለመጥመቅ ለምታስቡ

"በከረጢት ልጀምር ወይስ ሦስቱን ድስት ልግዛ?" ማለትም ብቅሉን በጨርቅ ከረጢት አንድ ድስት ውስጥ ልዘፍዝፍ ወይስ በሦስት ዕቃ እያጠለልኩ ልሥራ? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እዚሁ አሜሪካ ያሉ ያገሬ ልጆች ናቸው። በተዘጋጀ የብቅል ሽሮፕ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምቀው፣ ጥሩ ወጥቶላቸው፣ አሁን ከእህሉ ጀምረው ራሳቸው ሊሠሩት የቋመጡ። ደስ የሚል ደረጃ ነው። ግን ልክ እዚህ ሲደርሱ ሁለት ጎራ ያገኛሉ። አንዱ "ከረጢት የጀማሪ ነው፣ ቢራ የሚባለው በሦስት ድስት ሲሠራ ነው" ይላል። ሌላው "ሦስት ድስት ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው" ይላል። መሃል ላይ የቆመው ሰው ግራ ይገባውና ወይ ሁሉንም ዕቃ ይገዛል፣ ወይ ነገሩን ይተወዋል።

እኔ ሁለቱንም ለዓመታት ሠርቼባቸዋለሁ። ሁለቱም ጥሩ ቢራ ይሰጣሉ። ልዩነታቸው ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከብቅሉ የሚወጣውን ጣፋጭ ውሃ ከአተላው በምትለዩበት መንገድ። ይህችን ነገር በደንብ ከያዛችኋት የቀረውን ራሳችሁ ትወስኑታላችሁ።

መጀመሪያ የሚጋሩትን እንይ። ብቅል ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ገብሱ ሲበቅል ውስጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ፣ የእነሱ ሥራ ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር ማድረግ ነው። ብቅሉ ሲደርቅ ይተኛሉ። ብቅሉን ከካችሁት በኋላ (ዱቄት እስኪሆን መፍጨት ሳይሆን መከካት ነው) ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፉት ይነቃሉ። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አንደኛው ኢንዛይም ደህና አድርጎ ይሠራል፤ እርሾ የሚወደውን ስኳር ይሰጣችኋል፣ ቢራውም ቀለል ያለና ደረቅ ይሆናል። ከ68 እስከ 72 ሲሆን ሌላኛው ያይላል፤ እርሾ የማይበላው ስኳር ይተርፋል፣ ቢራው አፍ ላይ ወፈር ይላል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መሃል ላይ፣ 66 ወይም 67 አካባቢ ይይዝና አንድ ሰዓት ይጠብቃል።

በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን በምላሳችሁ እዩት። ብቅሉን እንደጨመራችሁ በማንኪያ ብትቀምሱት ዱቄት ዱቄት ይላል። በ20 ደቂቃ ጣፈጥ ይላል። ሰዓቱ ሲሞላ ከንፈር የሚያጣብቅ ጣፋጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማንም ስኳር አልጨመረበትም፣ ከገብሱ ነው የወጣው። እኔ ዛሬም በየጊዜው እቀምሰዋለሁ፣ ዛሬም ይደንቀኛል። ይህ ጣፋጭ ውሃ ዎርት ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ያለውም ለሁለቱ ዘዴ አንድ ነው። ዎርቱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል፣ ሲፈላ ሆፕስ ይገባል፤ እኛ ጌሾ እንደምናስገባው፣ እንዲመርና እንዳይበላሽ። ከዚያ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይብላላል፣ ይጠራል፣ ይታሸጋል። ከረጢት ተጠቀማችሁም ሦስት ድስት፣ እዚህ ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም።

ታዲያ ጠቡ የት ነው? በመዘፍዘፉና በማፍላቱ መሃል ያለችው እርምጃ ላይ ነው። ጠላ ላይ ይህች እርምጃ እዚህ ቦታ የለችም። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይቀመጣል፣ ስታርቹ ስኳር መሆኑና ስኳሩ መብላላቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እህሉም እስከ መጨረሻው እዚያው ነው፤ የሚጠለለው ሲቀዳ ነው። ቢራ ግን ይፈላል። እህሉ አብሮ ከፈላ ከገለባው ታኒን ይወጣና ቢራው ብዙ እንደቆየ ሻይ ምላስ የሚያደርቅ ይሆናል። ስለዚህ ድስቱ ከመፍላቱ በፊት እህሉ መውጣት አለበት፣ ሲወጣ ደግሞ በተቻለ መጠን ስኳሩን ትቶ መውጣት አለበት። ያን የምታደርጉበት መንገድ ሁለት ነው።

የቆየውን እናስቀድም። ሦስት ዕቃ ይፈልጋል። አንዱ ውሃ የሚሞቅበት፣ አንዱ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት፣ ሦስተኛው ዎርቱ የሚፈላበት። የመሃለኛው ማሽ ተን ይባላል። ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀመው ለሽርሽር በረዶና መጠጥ የሚያዝበትን ኩለር ነው፣ ሙቀት አያስወጣማ። ከታች የተበሳሳ ብረት ወይም የሽቦ ወንፊት ይነጠፍለታል፣ በጎኑ ቧንቧ ይገጠምለታል።

በቁጥር እንሂድ፣ ይሻላል። 20 ሊትር ቢራ ከ4.5 ኪሎ ብቅል እንሥራ። 12.5 ሊትር ውሃ 73 ዲግሪ ታሞቁና ኩለሩ ውስጥ ከብቅሉ ጋር ታማስሉታላችሁ፤ ብቅሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ድብልቁ 66 አካባቢ ይረጋል። አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ ቧንቧውን በቀስታ ትከፍታላችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ነው። ሁለት ሦስት ሊትር በጆግ ትቀበሉና መልሳችሁ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ታፈሳላችሁ። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ስታደርጉ ጥርት ብሎ መምጣት ይጀምራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ከታች ያለው ወንፊት እህሉን ከመያዝ በስተቀር ብዙም አያጠልልም። የሚያጠልለው የብቅሉ ገለባ ራሱ ነው። ተደራርቦ፣ ተነጥፎ፣ እንደ አሸዋ ማጣሪያ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ብቅሉን በጣም ማድቀቅ የማይወደደውም ለዚህ ነው፤ ገለባው ከደቀቀ ማጣሪያ የላችሁም።

ጨምቃችሁ ሳይሆን አስወርዳችሁ ስለሆነ የምትቀበሉት፣ አንድ ኪሎ ብቅል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ከ12.5ቱ ሊትር 8 ሊትር ያህል ነው የሚወጣላችሁ። ወፍራም፣ ማር የመሰለ። ለማፍላት ግን 25 ሊትር ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም ሲፈላ ከሦስት ሊትር በላይ በእንፋሎት ይሄዳል፣ ታችም ዝቃጭ ይቀራል። የጎደለው 17 ሊትር ከየት ይምጣ? አተላው ላይ ሌላ ሙቅ ውሃ ታፈሳላችሁ፣ ከ77 ዲግሪ ያልበለጠ፣ የቀረውንም ስኳር አጥቦ ያወርደዋል። ይህ ነው ስፓርጅ የሚሉት።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ወዲያው ገባት።

"ታዲያ ቅራሪ ነዋ!" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ ቅራሪ ነው።"

"እና ከዋናው ጋር ትደባልቀዋለህ?"

"እደባልቀዋለሁ፣ አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚፈላው።"

ትንሽ ዝም አለች። "እንግዳ ሲመጣስ የትኛውን ልትሰጠው ነው?" አለች።

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። የድሮ እንግሊዞችም እንደ እሷ ነበር የሚያስቡት፤ የመጀመሪያውን ለብቻው ጠንካራ ቢራ፣ ከእጣቢው የሚወጣውን ደግሞ ለብቻው ቀጭን ቢራ ያደርጉት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያፈላዋል፣ ከአንድ ቁና እህል የሚወጣውን ስኳር ሁሉ ለማግኘት።

ስፓርጅ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃውን ከላይ ቀስ እያሉ እየረጩ ከታች በዚያው ልክ ማውረድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላው ውሃውን አንዴ ገልብጦ፣ አማስሎ፣ አስቀምጦ ማውረድ ነው፣ በጣም ይፈጥናል። ለቤት የኋለኛው ይበቃል ባይ ነኝ። እኔ የመጀመሪያውን ከተውኩት ቆየሁ፣ ቢራው ላይም ያጣሁት ነገር የለም።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ይህ ዘዴ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ አጋማሽ አውስትራሊያ ውስጥ ቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ያስፋፉት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማጣሪያው ገለባ መሆኑ ቀርቶ ጨርቅ ይሁን፣ ሦስቱ ዕቃ አንድ ይሁን። እንደ ስስ መጋረጃ ያለ፣ ሙቀት የሚችል የፖሊስተር ጨርቅ በድስቱ ልክ ይሰፋል። የሚያስፈልገውን ውሃ በሙሉ፣ ለዚያው ቢራ 28 ሊትር ያህል፣ በአንድ ድስት ወደ 69 ዲግሪ ታሞቃላችሁ። ከረጢቱን ድስቱ ውስጥ ትዘረጋላችሁ፣ ጠርዙን አፉ ላይ ትገለብጣላችሁ፣ ብቅሉን እየነሰነሳችሁ ታማስላላችሁ። ክዳን፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሰዓት። ሲያበቃ ከረጢቱን አንስታችሁ ታንጠፈጥፋላችሁ፣ ትጨምቃላችሁ፣ እዚያው ድስት ላይ እሳቱን ትለቁበታላችሁ። አለቀ። ስፓርጅ የለም፣ ውሃው ሁሉ መጀመሪያውኑ ገብቷል።

ሲነበብ ሻይ እንደማፍላት ነው። "አንስታችሁ" የምትለዋ ቃል ላይ ግን ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የዚህ ዘዴ ፈተና በሙሉ እሷ ናት። 4.5 ኪሎ ብቅል ውሃ ጠጥቶ ሲወጣ 8 ወይም 9 ኪሎ ይሆናል፣ ሙቀቱ 66 ዲግሪ ነው፣ ከየአቅጣጫው ይንጠባጠባል፣ እንፋሎቱ ፊታችሁ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ያዝኩትና ትንሽ ዘንበል አለብኝ፣ ዎርቱ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ ተቃጥሎ እንደ ከረሜላ ድርቅ አለ። ያን ስፍቅ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህን ነው፤ የኦቨን መደርደሪያ ሽቦ ድስቱ አፍ ላይ አጋድማችሁ ከረጢቱን እሱ ላይ አስቀምጡት፣ በራሱ ጊዜ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በድስት ክዳን ጫን ጫን አድርጉት። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ መሰላል ቆማችሁበት ሳይሆን አቁማችሁት፣ ፑሊ አንጠልጥሉበት። ወፍራም የሙቀት ጓንት ግዙ። ትንሽ ልጅ በአካባቢው እንዳይኖር።

ሲጨመቅ ታኒን ይወጣል፣ አትጭመቁ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አትስሙት። ታኒን የሚያወጣው ከመጠን ያለፈ ሙቀትና የውሃው አሲድነት ማነስ ነው እንጂ እጃችሁ አይደለም። ጭመቁት።

አሁን ዋናው ጥያቄ፤ የቱ ይበልጣል?

በስኳር ምርት ሦስቱ ድስት ይበልጣል። ታጥቧላ። ስፓርጅ የሚያደርግ ሰው ከብቅሉ ሊወጣ ከሚችለው ስኳር 80 በመቶ ያህል ሊያወጣ ይችላል። በከረጢት ያለ ማጠብ 70 አካባቢ ጠብቁ። ይህ በብርጭቆ ሲታይ ምን ማለት ነው? በዚያው 4.5 ኪሎ ብቅል አንዱ የዎርቱን ስኳር በሚለካው ሃይድሮሜትር ላይ 1.050 ሲያነብ ሌላው 1.044 ያነባል። አንዱ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ቢራ ይሆናል፣ ሌላው 4.5። ልዩነቱን ለማጥፋት ምን ይፈጃል? 600 ግራም ብቅል መጨመር። በቃ። ቶን ቶን ብቅል ለሚገዛ ፋብሪካ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ለዚያም ነው ፋብሪካ ሁሉ የሚያጥበው። ቅዳሜ ጧት ኩሽናው ውስጥ ለሚጠምቅ ሰው ግን ሦስት አራት እፍኝ ብቅል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ከረጢት ስትጠቀሙ ብቅሉን ደቀቅ አድርጎ ማስከካት ይቻላል፣ ማጣሪያው ጨርቅ ስለሆነ ገለባው ቢሰባበር ግድ የላችሁም፤ ምርቱም ከፍ ይላል። የብቅል ሱቁ የሚከካላችሁ ከሆነ "ለከረጢት ነው" በሏቸው፣ ያውቁታል።

በጥራት፣ ማለትም በጥሩነት ሳይሆን በመጥራት፣ ዎርቱ ከሦስቱ ድስት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከከረጢቱ ግን ደፍረስ ይላል፣ ታችም ዝቃጭ ይበዛዋል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ግን ዎርቱ ይፈላል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ይረጋል፣ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢያድር ደግሞ ዝቃጩ ታች ይቀመጣል። በመጨረሻ ብርጭቆ ላይ ጎን ለጎን አቅርቤላቸው የትኛው በየትኛው እንደተሠራ የለየልኝ ሰው እስካሁን የለም።

ውሃው ላይ ግን ልዩነት አለ፣ ይህን ጀማሪዎች አይሰሙትም። በከረጢት ስትሠሩ ውሃው ሁሉ በአንዴ ከብቅሉ ጋር ስለሚገናኝ፣ ለአንድ ኪሎ ብቅል ስድስት ሊትር ያህል ይደርሳል፤ በሦስቱ ድስት ሦስት እንኳ አይሞላም። የቧንቧ ውሃችሁ ኖራ የሚበዛበት ዓይነት ከሆነ ያ ሁሉ ውሃ የድብልቁን አሲድነት ያሳጣዋል። የድብልቁ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) 5.2 እና 5.6 መሃል ቢሆን ነው ኢንዛይሙም የሚመቸው፣ ታኒኑም የማይወጣው። በተለይ ነጣ ያለ ቢራ ስትሠሩ ጥቂት ሚሊ ሊትር ላክቲክ አሲድ ይፈታዋል። ጠቆር ያለ ቢራ ከሆነ የተቆላው ብቅል ራሱ አሲድ ስላለው ብዙ ጊዜ ምንም አትጨምሩም። ክሎሪኑንም አትርሱት። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ውሃችሁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት የውሃ ማጽጃ) ነው፣ እሱ ደግሞ ስለፈላ ብቻ ጨርሶ አይለቅም፤ ቢራውን መድኃኒት መድኃኒት ሊያሰኘው ይችላል። ካምፕደን ከሚባለው ትንሽ ኪኒን የአንዱ ግማሽ ለዚህ ሁሉ ውሃ ይበቃል። ይህ ለሁለቱም ዘዴ ነው።

ከረጢቱ በግልጽ የሚያሸንፍበት ቦታ ስንዴ ነው። ስንዴ ገለባ የለውም። አንድ ጊዜ ግማሹን ስንዴ አድርጌ በኩለሩ ሠራሁ። ቧንቧውን ስከፍት ትንሽ ወረደ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ። ከታች ያለው ሁሉ እንደ ሊጥ ተለጥፏል። በቱቦ ወደ ኋላ ነፋሁበት፣ አማሰልኩት፣ እንደገና አስቀመጥኩት፣ እንደገና ቆመ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደብኝ፣ ዎርቱም እስኪወርድ ቀዘቀዘ። መፍትሔ አለው፣ ሁለት መቶ ግራም ያህል የሩዝ ገለባ ቀላቅሎ ማጣሪያውን ማላላት። ከረጢት ላይ ግን ችግሩ ራሱ የለም፤ ካልወረደ ታነሱታላችሁ፣ ትጨምቁታላችሁ። ጤፍ ወይም ማሽላ መሞከር የምትፈልጉም ብትሆኑ ከረጢቱን እመክራለሁ። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ ያልበቀለ ጤፍ መጀመሪያ እንደ ገንፎ መብሰል አለበት፣ ካልበሰለ ስታርቹ አይከፈትም፣ የብቅሉ ኢንዛይምም አያገኘውም። ለጠላ አሻሮው የሚቆላው፣ ቂጣው የሚጋገረው ለጣዕምና ለቀለም ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚለውን ቃል ባይሉትም ሥራውን በደንብ ያውቁታል።

ሦስቱ ድስት የሚያሸንፍበት ደግሞ ብዛትና ጥንካሬ ነው። 40 ሊትር መጥመቅ ብትፈልጉ 9 ኪሎ ብቅል ነው፣ ውሃ ሲጠጣ 16 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፣ ያን ፍል ከረጢት ማንሳት ቀልድ አይደለም። 8 ወይም 9 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ለመሥራትም እንዲሁ። ብቅሉ በበዛ ቁጥር ያለ ማጠብ አተላው ውስጥ የሚቀረው ስኳር ይበዛል፣ የከረጢቱ ምርት እያሽቆለቆለ ይሄዳል። መሃል መንገድም አለ፤ ከውሃው አምስት ስድስት ሊትር አስቀርታችሁ፣ ከረጢቱን ካወጣችሁ በኋላ ባልዲ ውስጥ በዚያ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አለቅልቁት፣ ያንን እጣቢ ወደ ድስቱ መልሱ። የከረጢት ቅራሪ በሉት። ብዙ ጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው።

ሰዓቱም ይታሰብ። እኔ በከረጢት ጧት ሦስት ሰዓት ብጀምር ሰባት ተኩል ሲል ዕቃ አጥቤ ጨርሻለሁ። በሦስቱ ድስት አሥር ሰዓት ይሆናል። ያለው ልዩነት መጥመቁ ላይ ብቻ አይደለም፣ ዕቃ ማጠቡ ላይም ነው። ኩለር፣ ቧንቧ፣ ቱቦ፣ ወንፊት፣ ሁለት ድስት፣ ሁሉም ጣፋጭ ነገር የነካው ነው፣ ካደረ ይሸታል። ከረጢት ተገልብጦ አተላው ይራገፋል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ ይሰጣል።

ቦታም አለ። አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ ለእኔ ምርጫው ክርክር የለውም፣ ከረጢት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ 25 ሊትር ማፍላት ብዙ ጊዜ ያቅተዋል፣ ስለዚህ 10 ሊትር ሥሩ፣ 2.5 ኪሎ ብቅል፣ ከረጢቷም በአንድ እጅ ትነሳለች። በረንዳ ላይ የጋዝ ምድጃ አነዳለሁ ያላችሁ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ውላችሁን አንብቡ፣ ብዙ ሕንፃ ይከለክለዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ የፕሮፔን ምድጃ በፍጹም አታብሩ። ጭሱ አይታይም፣ ይገድላል።

ሁለቱንም ያጣመሩ የኤሌክትሪክ ማሽኖችም አሉ፣ የጀርመኑን ብራውማይስተርና የኒውዚላንዱን ግሬንፋዘር የመሳሰሉ። ከረጢቱን በብረት ቅርጫት ተክተው፣ ዎርቱን በፓምፕ እያዞሩ ያጠልሉታል። ምቹ ናቸው፣ ውድም ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ በ120 ቮልት የሚሠራውን ከገዛችሁ ቀስ እንደሚል አስቡበት፤ 1,500 ዋት 28 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃን 69 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ በ230 ቮልት ስለሆነ ፈጠን ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። የመጀመሪያ ዕቃችሁ ይህ እንዲሆን አልመክርም። ዘዴው በእጃችሁ ሳይገባ ማሽኑን ከገዛችሁ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ የት እንደተበላሸ አታውቁትም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከብቅል ጀምራችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠምቁ ከሆነ በከረጢት ጀምሩ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ ልትቆጣጠሩት የምትችሉት ነገር የተወሰነ ነው። ለቢራው ጣዕም ከሁሉ በላይ የሚወስኑት የመዘፍዘፊያው ሙቀት፣ የዕቃው ንጽሕናና የመብላላቱ ሙቀት ናቸው፤ ሦስቱም በከረጢትም በድስትም እኩል ናቸው። ሐሳባችሁን እዚያ ላይ አድርጉት። እናቴ ጋኑን በወይራ ሳታጥን ጠላ ጠምቃ አታውቅም፣ እናንተም ከመፍላቱ በኋላ ዎርቱን የሚነካ ነገር ሁሉ ተውሳክ ማጥፊያ ሳይነካው አይግባ። አምስት ስድስት ጊዜ ከጠመቃችሁ በኋላ፣ ለቤተ ዘመድ ብዙ መጥመቅ አማራችሁ፣ ጠንካራ ቢራ አማራችሁ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ቧንቧ እየከፈቱ መዋሉ ራሱ ናፈቃችሁ፣ ያኔ ወደ ሦስቱ ድስት ሂዱ። የመጨረሻው ምክንያት ትንሽ አይምሰላችሁ። አንዳንድ ሰው የሚጠምቀው ለቢራው ነው፣ አንዳንዱ ለቀኑ ነው።

ሕጉንም ልንገራችሁ፣ በተለይ አዲስ ለመጣችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቤት ቢራ መጥመቅን ከፌዴራል ግብር ነፃ ያደረገውን ሕግ ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት በ1978 ነው። አንድ አዋቂ ለሚኖርበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለሚኖሩበት እስከ 200 ጋሎን ይፈቀዳል። ለራስና ለእንግዳ ነው፣ መሸጥ አይቻልም። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ተዉት፤ እዚያ አልኮል የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ድስት ልትገዙ ስትሄዱ አንድ ነገር ያዙ። ለ20 ሊትር ቢራ 28 ሊትር ውሃና 4.5 ኪሎ ብቅል አንድ ላይ 31 ሊትር ገደማ ይሆናሉ፣ ሲፈላ ደግሞ አረፋው ይነሳል። ስለዚህ 30 ሊትር የሚይዝ ድስት አይበቃም፣ 40 ሊትር የሚይዘውን ግዙ፤ ሱቅ ላይ 10 ጋሎን ተብሎ የሚሸጠው እሱን ያህላል። ታች ቧንቧ ያለውን ምረጡ። ዛሬ ከረጢታችሁን ይይዛል፣ ነገ ኩለር ስትጨምሩ ያው ድስት ማፍያ ይሆናል። አንድ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ከረጢቱ ውስጡ እያለ እሳት ስትለቁ ጨርቁ ታች እንዳይነካ። ክብ የሽቦ መደርደሪያ ከሥሩ አስቀምጡለት። አለበለዚያ ይቀልጣል፣ 4.5 ኪሎ ብቅልም ድስቱ ውስጥ ይዘረገፋል።